ባቡሩ ከከተማ ሲወጣ

ባቡሩ ሐረር መግባት ነበረበት። አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሐዲድ ፈቃድ ሲሰጡ የመጀመሪያው ክፍል ከጅቡቲ ተነስቶ ሐረር ላይ እንዲያርፍ ነበር ውሉ። ነገሩ የሚጠበቅ ነው። የምሥራቁ ንግድ ሁሉ የሚሰበሰበው ሐረር ነበር፤ ቡናው፣ ቆዳው፣ የዝሆን ጥርሱ በግመል ተጭኖ ወደ ዘይላ ወደብ የሚወርደው ከከተማዋ ቅጥር ከጀጎል በሮች ተነስቶ ነው። ነገር ግን ከቆላው ሜዳ ተነስቶ የሐረርን ተራራ መውጣት ገንዘብ የሚጨርስ ሥራ ሆኖ ተገኘ። መሐንዲሶቹ ዳገቱን ትተው በግርጌው አለፉ። በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ሐዲዱ የደረሰው ከሐረር ሃምሳ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ደቻቱ ከሚባለው፣ ዓመቱን በአብዛኛው ደርቆ ከሚከርመው የአሸዋ ወንዝ አጠገብ ነው። ምኒልክ ቦታውን አዲስ ሐረር አሉት። ስሙ አልጸናም፤ ድሬዳዋ ተባለ፣ ቀረ።

ሐዲዱ እዚያ ሲደርስ ኩባንያው ገንዘብ አለቀበት። እንግሊዝና ፈረንሳይ በመስመሩ ጥቅም ተናቆሩ፤ ንጉሠ ነገሥቱም በሐዲድ አሳቦ የውጭ መንግሥት እጅ አገር ውስጥ እንዳይገባ ሰጉ። ኩባንያው ከሰረ። በ1900 ዓ.ም. አዲስ ፈቃድ ተሰጥቶ ሥራው እንደገና እስኪጀመር ድረስ ድሬዳዋ የመስመሩ መጨረሻ ሆና ቆየች፤ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው ገና በ1909 ዓ.ም. ነው።

ለኩባንያው ኪሳራ የሆነው ለድሬዳዋ ሲሳይ ሆነላት። ባቡር የሚያልፍበት ቦታና ባቡር የሚያበቃበት ቦታ ልዩነታቸው ሰፊ ነው። በሚያልፍበት ቦታ ተሳፋሪ ሻይ ጠጥቶ ይሄዳል። በሚያበቃበት ቦታ ግን ጭነት ሁሉ ይራገፋል። የተራገፈ ጭነት መጋዘን ይፈልጋል፤ መጋዘን ጠባቂና ጸሐፊ ይፈልጋል። ወደ መሀል አገር ለማሻገር ግመልና በቅሎ ያስፈልጋል፤ ግመሉን የሚያከራይ፣ ኪራዩን የሚያስማማ ደላላ፣ ኬላውን የሚጠብቅ ጉምሩክ፣ ለነጋዴው ማደሪያ፣ ለግመለኛው ምግብ፣ ፈረንሳይኛውን ከኦሮምኛ፣ ሶማሊኛውን ከዐረብኛ የሚያስማማ አስተርጓሚ። ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ህንዱ፣ የየመን ዐረቡ የመጣው በዚያን ጊዜ ነው። የአገሬው ነጋዴ ከሐረርና ከዙሪያው ወረደ። ባቡሩ አዲስ አበባ እስኪገባ ድረስ ባሉት ዓመታት ከተማዋ ለዘመናት የምትኖርበትን ሥራ ተማረች።

ይህ ትርፍ ከሰማይ አልወረደም፤ ከሌላው ተወስዷል። ሐዲዱ ወደ ጅቡቲ ሲዞር ዘይላ ከትልቅ ወደብነት ወደ ትንሽ የባሕር ዳር መንደርነት ወረደች፤ ሐረርም የምሥራቁ ንግድ ቁንጮነቷን ለቆላዋ ጎረቤቷ አስረከበች። መስመር ሲዞር ከተማ ይነሣል፣ ከተማም ይወድቃል። የድሬዳዋን የኋለኛ ታሪክ ለመረዳት ይህን መነሻ መርሳት አይገባም።

ደቻቱ ዛሬም ከተማዋን ለሁለት ይከፍላታል። በአንዱ በኩል ከዚራ ነው፤ የባቡር ኩባንያው መሐንዲሶች በገመድ እየለኩ ያሰመሩት፣ መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ቤቶቹ ሰፊ በረንዳ ያላቸው፣ በበጋ ሲያብብ ሰፈሩን በቀይ አበባ የሚያለብሰው የድሬዳዋ ዛፍ የቆመበት። በሌላው በኩል መጋላ ነው፤ ማንም ያላሰመረው፣ ገበያው ራሱ መንገዱን የቀደደው። ጠዋት ቀፊራ ገበያ የገባ ሰው በፈረስ ኮቴ ቅርጽ በተሠራው ቅስት በር ሥር ሲያልፍ እንጨት የጫነ ግመል ሊገፋው ይችላል። ከውስጥ የገጠር ኦሮሞ ሴቶች ቲማቲምና ማንጎ በጆንያ ላይ ደርድረው ተቀምጠዋል፤ ሶማሌዋ ወተት ይዛለች፤ ዘይት ውስጥ የሚጠበሰው ሙሸበክ ሽታ ከበርበሬው ጋር ይቀላቀላል። ከየጥጉ «አቦ፣ ግባ!» ይባላል። ዋጋ በኦሮምኛ ተጀምሮ በሶማሊኛ ተከርክሮ በአማርኛ ሲዘጋ ማንም አይገረምም። ይህ የቋንቋ ችሎታ ለድሬዳዋ ሰው ጌጥ አይደለም። የንግድ መሣሪያው ነው።

ነገር ግን የከተማዋ ትልቁ ንግድ ቀፊራ ውስጥ አልነበረም። ምድር ባቡሩ ነበር። ኩባንያው ሰው ከማጓጓዝ አልፎ ቀጣሪ፣ አሠልጣኝ፣ አከራይም ነበር። በድሬዳዋ ሽማግሌዎች አፍ ሸሚንደፈር ይባላል፤ ሸሚንደፈር የገባ ልጅ ዕድለኛ ነበር። ደመወዙ በወሩ ይመጣል፣ ሱቁ ዱቤ ይሰጠዋል፣ ልጁ ትምህርት ቤት ይገባል። ከአገሪቱ ቀደምት የሠራተኛ ማኅበራት አንዱ የተወለደው በእነዚህ ሠራተኞች መካከል ነው። ደመወዝ በወጣ ማግስት ልብስ ሰፊው፣ ሥጋ ቤቱ፣ ጠላ ሻጯ፣ ጋሪ ነጂው ሁሉ ያውቀዋል።

የዚያ ዘመን ልብ የነበረውን ግቢ ዛሬም ገብቶ ማየት ይቻላል። ከጣቢያው ጀርባ ያለው አቴሊዬ፣ የባቡሩ ጥገና ክፍል፣ ሰፊ አዳራሽ ነው፤ ወለሉ ላይ ሐዲድ ተነጥፎበታል፣ ጥቁር ዘይት የጠጣ ሲሚንቶ ይሸታል። በግራና በቀኝ ቶርኖዎች ተሰልፈዋል፤ አንዳንዶቹ የፈረንሳይ ፋብሪካ ስም የታተመበት የብረት ጽሑፍ ገና አልወለቀላቸውም። ከጎናቸው ሞርሳ የተገጠመላቸው ከባድ የእንጨት ጠረጴዛዎች፣ የተደረደሩ ቡሎኖች፣ ኩሽኔታ የተቀመጠባቸው ሳጥኖች አሉ። ያስጎበኙኝ ጡረተኛ ዕድሜያቸውን እዚህ የጨረሱ ናቸው።

«አባባ፣ አንድ ክፍል ሲሰበር ከፈረንሳይ እስኪመጣ ምን ታደርጉ ነበር?» አልኳቸው።

«ማን ይጠብቃል ልጄ? እዚሁ እንሠራዋለን እንጂ።»

እጃቸውን በአንዱ ቶርኖ ላይ አሳረፉና መንኮራኩር እንዴት እንደሚላግ አሳዩኝ፤ ማሽኑ አልተነሣም፣ እጃቸው ግን ሥራውን ከመነሻው እስከ መድረሻው ሠርቶ ጨረሰ። ብረቱ የሚታሰርበትን፣ ቢላዋው የሚጠጋበትን፣ ልኩ የሚታይበትን ቅደም ተከተል አልሳቱም። በየመሀሉ የመሣሪያውን ስም በፈረንሳይኛ ይጠሩታል፤ ሥራውን የተማሩት በዚያ ቋንቋ ነው።

ይህን አዳራሽ እንደ ሙዚየም ብቻ ማየት ስህተት ይመስለኛል። አንድ ሜትር ስፋት ባለው ሐዲድ ላይ ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ ወደ 780 ኪሎ ሜትር የሚሮጠው ባቡር በዋናነት የሚታከመው እዚህ ነበር። አካባቢው የሚተማመንበት ቶርኒተር፣ በያጅ፣ የሞተር ባለሙያ ከዚህ ወጥቷል። ጡረታ የወጣው ደግሞ ቤቱ አጠገብ ጋራዥ ከፍቶ ልጆች አስተምሯል። አንድ ድርጅት ለከተማ ከሚተዋቸው ነገሮች ትልቁ ይህ ነው፤ ድርጅቱ ቢዘጋ እንኳ ሰው እጅ ላይ የሚቀር ሙያ።

በጣሊያን ወረራ ዘመን ሁለት ፋብሪካዎች ተጨመሩ። አንደኛው የአገሪቱ የመጀመሪያ የሚባለው የሲሚንቶ ፋብሪካ ነው፤ የከተማዋ ዙሪያ የኖራ ድንጋይ ስላለው ቦታው ተስማማው። ሁለተኛው የድሬዳዋ ሰው ኮተኒ የሚለው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው። ኮተኒ ብዙ እጅ የሚፈልግ ሥራ ስለነበር ለብዙ ቤት እንጀራ ሆነ፤ በፈረቃ ለውጥ ሰዓት መንገዱን የሚሞላው ሠራተኛ ለድሬዳዋ የሰዓት ምልክት ነበር። ከዚያ በኋላ የለስላሳ መጠጥ ፋብሪካና የዱቄትና የፓስታ ፋብሪካ መጡ፤ የሐረር ቡና ተለቅሞና ተበጥሮ የሚላክባቸው መጋዘኖችም ሰፉ። በፈረስ ምልክቱ ውጭ አገር ድረስ የታወቀውን የሐረር ቡና የላኩት ሞሐመድ ዐብዱላሂ ኦግሰዴይ ከዚህ አካባቢ የተነሡ ነጋዴ ናቸው። በቡና መጋዘኖቹ ደግሞ የሚለቅሙት ሴቶች ነበሩ፤ ስለ ድሬዳዋ ንግድ ሲጻፍ እነሱ ብዙ ጊዜ ይዘለላሉ።

ደርግ በ1967 ዓ.ም. ትላልቆቹን ድርጅቶች ወረሰ። ብዙ የውጭ ነጋዴ ጓዙን ጠቅልሎ ሄደ፤ የግሪኩና የአርመኑ ሱቅ በር ተዘጋ ወይም በሌላ እጅ ገባ። በ1969 ዓ.ም. ክረምት የሶማሊያ ጦር እስከ ከተማዋ ዳር ደረሰ፤ ነሐሴ ላይ ድሬዳዋ ዙሪያ ከባድ ውጊያ ተካሄደ፣ የሐዲዱ ድልድዮች ፈረሱ፣ መስመሩም ተቋረጠ። መስመሩ ተጠግኖ ሥራ ቢጀምርም የቀድሞ ጉልበቱ አልተመለሰም። ወደ አሰብ የሚወስደው የመኪና መንገድ ጭነቱን አስቀድሞ መሻማት ጀምሮ ነበር። ኮተኒም ባረጁ ማሽኖች እየሠራ፣ ከውጭ በሚገባው ርካሽ ጨርቅና በሰልባጅ እየተሸነፈ ሄደ። ሰልባጁ ደግሞ የሚገባው በዚያው ሐዲድ ነበር፤ ያ ባቡር ለፋብሪካው ጥጥ አምጥቶለታል፣ ተፎካካሪውንም አምጥቶበታል።

ፋብሪካዎቹ ሲደክሙ ሰዉ ወደ ለመደው ሥራ ተመለሰ፤ ወደ ማሻገር። ታይዋን የተባለው ገበያ ስሙ በመላው አገሪቱ የታወቀው በዚያ ዘመን ነው። ቴፕ፣ ሬዲዮ፣ ሽቶ፣ ጫማ፣ የሕፃን ወተት፣ የሙሽራ ልብስ ፈልጎ ከአዲስ አበባ የሚወርደው ሰው አብዛኛው መድረሻው እዚያ ነበር። ዋጋው የሚረክሰው የጉምሩክ ቀረጥ ስላልተከፈለበት ነው፤ ቀረጡ በከበደ ቁጥር የኮንትሮባንዱ ትርፍ ያድጋል፤ ቀመሩ ይህ ነው። ዕቃውን የሚያሻግሩት ግን ሀብታሞች አልነበሩም። አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። ከድንበሯ ከተማ ከደወሌ ባቡር ተሳፍረው፣ ልብሱን በልብስ ላይ ደርበው ለብሰው፣ ጨርቁን ከመቀመጫ ሥር ሸጉጠው፣ ፈታሽ ሲመጣ ዕቃቸውን ለማያውቁት ተሳፋሪ «ያንቺ ነው በይልኝ እህቴ» ብለው አደራ እየሰጡ ይመላለሱ ነበር። ዕቃው ከተወረሰ የወር ልፋት በአንድ ጠዋት ይጠፋል፤ ካለፈ ልጅ ትምህርት ቤት ይከርማል። ድሬዳዋን ያለፈ ደግሞ አዋሽ ኬላ ይጠብቀው ነበር። ሕግ መጣሱን ማድበስበስ አልፈልግም። ግን የእነዚህን ሴቶች ሥራ በወንጀል መዝገብ ብቻ ማንበብ የከተማዋን ኢኮኖሚ አለማወቅ ነው፤ ፋብሪካዎቹ በደከሙባቸው ዓመታት ብዙ ቤት ያቆመው የእነሱ መንገድ ነው።

ጫቱም አለ፤ እሱ ሳይነሣ ስለ ድሬዳዋ ንግድ መናገር አይቻልም። ከሐረርጌ ደጋ ከአወዳይና ከአካባቢው ተቀጥፎ፣ በቅጠል ተጠቅልሎ፣ በእርጥብ ማዳበሪያ ተሸፍኖ ይወርዳል። የጫት ጠላቱ ሰዓት ነው፤ ከተቀጠፈ ቀን ተኩል ያለፈው ዋጋው ይሰበራል። ስለዚህ ጫት ነጋዴ ከማንም በላይ መንገድ ያውቃል፤ ሾፌሩ በፍጥነት የሚነዳው፣ ስልኩ የማያርፈው፣ ወደ ጅቡቲ በየቀኑ በባቡርና በአውሮፕላን ይጫን የነበረው ለዚህ ነው። ከሰዓት በኋላ ከተማዋ ትቀዘቅዛለች፤ ሙቀቱም በርጫውም፣ የጫት መቃሚያው ሰዓት፣ አንድ ላይ ሰው ከመንገድ ያነሣሉ። ጫቱ የውጭ ምንዛሪ ያመጣል፣ ለገበሬውም ከቡና የተሻለ ጥሬ ገንዘብ ይሰጠዋል። ቡና ሲነቀልና ጫት ሲተከል ማየት ግን ያሳዝነኛል፤ የሐረር ቡና ዓለም የሚያውቀው ስም ነውና።

በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በአንድ ሌሊት ደቻቱ ሞላ። ከላይ ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ ደረቁን አሸዋ ይዞ ወረደ፤ ከሁለት መቶ በላይ ሰዎች ሞቱ፣ ወንዙ ዳር ያሉ ቤቶችና ሱቆች ተጠረጉ። ነጋዴው ሸቀጡን ከነሱቁ አጣ፤ ኢንሹራንስ የነበረው ጥቂት ነው። ከዚያ ወዲህ በወንዙ ግራና ቀኝ የተሠራው የድንጋይ ግንብ ለዚያ ሌሊት መልስ ነው።

ጎርፉ ካለፈ ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ደግሞ ድምፅ የሌለው ሌላ ጉዳት መጣ። ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ የሚሠራው የድሮው ባቡር ቆመ። ወደ ጅቡቲ የሚወርደው ክፍል አንዴ እየቆመ አንዴ እየተነሣ ጥቂት ቆየ። በመስመሩ ላይ ያሉት ሽንሌ፣ አዲጋላ፣ ኤረር፣ አፍደም፣ ሚኤሶ ባቡሩ በሚመጣበት ሰዓት የሚነቁ ከተሞች ነበሩ፤ ሻይ፣ ወተት፣ የተቀቀለ የፍየል ሥጋ በመስኮት የሚሸጥባቸው። ብዙዎቹ ያንን ገቢ የሚተካ ሌላ ነገር አላገኙም።

አዲሱ ባቡር በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ መደበኛ የንግድ ሥራውን በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ጀመረ። በኤሌክትሪክ የሚሄድ፣ ሐዲዱ 1,435 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ፣ በጭነት መኪና ሦስት ቀን ገደማ ይፈጅ የነበረውን መንገድ ወደ ግማሽ ቀን ያወረደ ነው። ለአገሪቱ ትልቅ ሥራ ነው። ከ1990 ዓ.ም. የኤርትራ ጦርነት ወዲህ የወጪና ገቢ ንግዳችን ሸክም ከሞላ ጎደል ያረፈው ጅቡቲ ላይ ነው፤ ያለ ባቡር የሚገፋ አይደለም።

ለድሬዳዋ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሎ ሜዳ ላይ ነው የቆመው። ተሳፋሪ ወርዶ ባጃጅ ወይም ሚኒባስ ይዞ ይገባል። ጭነቱ ደግሞ አብዛኛው አይወርድም። ጅቡቲ ላይ ታሽጎ የተነሣ ኮንቴይነር ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ ሲከፈት፣ በመሀል ድሬዳዋን ያለፈው እንደ ደመና ነው፤ ጥላ ጥሎ ይሄዳል፣ ዝናብ አይሰጥም። የድሮው ሐዲድ አንድ ሜትር ስለሚሰፋ የአሮጌው ግቢ ማሽንና የአዲሱ ባቡር መንኮራኩር አይገናኙም። አዲሱ መስመር ሲዘረጋ ድሬዳዋ ሐረር ላይ የደረሰውን ራሷ ቀመሰችው፤ ልዩነቱ መስመሩ ሙሉ ለሙሉ ጥሏት አለመሄዱ ነው። አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው የራቃት። አሥር ኪሎ ሜትር ደግሞ ሊታረም የሚችል ርቀት ነው።

ለማረም የተጀመሩ ነገሮች አሉ። ከድሬዳዋ ወደ ደወሌ የሚወስደው 220 ኪሎ ሜትር ያህል የክፍያ መንገድ ከባዱን መኪና በከተማዋ በኩል አምጥቷል፤ ከባድ መኪና ደግሞ ጎማ ያስቀይራል፣ ዘይት ያስሞላል፣ ሾፌሩ ያድራል። የከተማዋ ደረቅ ወደብም አለ። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በኢንዱስትሪ ፓርኩ ግቢ የአገሪቱ የመጀመሪያው ነፃ የንግድ ቀጠና ሥራ ጀመረ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ከውጭ የመጣ ዕቃ ቀጠናው ውስጥ እስካለ ድረስ ቀረጥ አይከፈልበትም። እዚያ ይከማቻል፣ ይለያል፣ እንደገና ይታሸጋል፣ ይገጣጠማል። ወደ ሌላ አገር ቢወጣ ነፃ ነው፤ ወደ አገር ውስጥ ሲገባ ቀረጡ ይከፈላል። በሌላ አነጋገር ባቡሩ አዲስ አበባ ከመግባቱ በፊት የነበረው የመጀመሪያው የድሬዳዋ ሥራ ነው፤ ጭነት የሚራገፍበት ቦታ መሆን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። ስለ ቀጠናው ስንሰማ የሚነገረን የሄክታሩ ስፋትና የገባው ባለሀብት ብዛት ነው። ድሬዳዋ ግን መቶ ሃያ ዓመት የኖረችበት ታሪክ ሌላ መለኪያ ይሰጣታል። ባቡሩ ከተማ መሀል በቆመበት ዘመን ያመጣው ሀብት ከጭነቱ ክብደት የመጣ አልነበረም። ሠራተኛው በከዚራና በለገሀሬ ሰፈሮች መኖሩ፣ ደመወዙ ቀፊራ መውጣቱ፣ ልጁ አቴሊዬ ገብቶ ሙያ መማሩ ነው። አንድ ሺህ ኮንቴይነር በቀጠናው ቢያልፍና ከታይዋን ገበያ ሴቶች አንዷም በሕጋዊ ፈቃድ ጅምላ የምታወጣበት ትንሽ መጋዘን ባታገኝ፣ የከተማዋ ድርሻ ጥላው ብቻ ነው። እነዚህ ሴቶች ዋጋ፣ መንገድ፣ ደንበኛና ቋንቋ ያውቃሉ፤ በአነስተኛ ካፒታል የሚገቡበት በር ቢከፈትላቸው ኮንትሮባንዱን ከኬላ ፍተሻ የበለጠ የሚቀንሰው እሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

አቴሊዬውም እንዲሁ። በ2016 ዓ.ም. አዲሱን ባቡር ስድስት ዓመት ሲያንቀሳቅሱ የቆዩት የቻይና ኩባንያዎች ሥራውን ለኢትዮጵያና ለጅቡቲ ሠራተኞች አስረክበዋል። ከእንግዲህ የሚሰበረውን የሚጠግን፣ የሚያልቀውን ክፍል የሚሠራ የእኛው ሰው ነው። አዲሱ ሎኮሞቲቭ ኤሌክትሮኒክስ የበዛበት መሆኑ እውነት ነው፤ በአሮጌ ቶርኖ የሚሠራ አይደለም። ብረት ልኩን ጠብቆ መላግ፣ ስንጥቅን በጆሮና በመዶሻ መለየት፣ የሚያልቅን ኩሽኔታ ከማለቁ በፊት ማወቅ ግን የሐዲዱ ስፋት አይለውጠውም። ይህን የሚያውቁት ሰዎች ጡረተኞች ናቸው፤ ዕድሜያቸውም እየገፋ ነው። አዲሱ ባቡር የጥገና ሥልጠናውን ድሬዳዋ ላይ ቢያደርግ፣ የከተማዋ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲው ተማሪዎቻቸውን ለአንድ ሴሚስተር አሮጌው ግቢ ቢልኩ፣ ለሽማግሌዎቹም የአስጎብኚ ጉርሻ ሳይሆን የአስተማሪ ደመወዝ ቢከፈላቸው የሚጠይቀው ገንዘብ ከአንድ ሎኮሞቲቭ ዋጋ ያንሳል። ያስጎበኙኝ ሰው ከግቢው በር ሲሸኙኝ ከእኔ በፊት የመጡት ጎብኚዎች ከየት እንደነበሩ ጠየቅኳቸው። ፈረንሳይ፣ ጃፓን፣ ጣሊያን አሉኝ። ከአዲሱ ባቡር የመጣ ሰው ይኖር እንደሆነ ስጠይቃቸው ገና እየጠበቁ መሆናቸውን ነገሩኝ።